አባቴ የተሸጠ ሰሞን

አባቴ ሲሸጥ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የገዙት እመት ወለተ ገብርኤል የሚባሉ የብቸና ባላባት ናቸው፤ ያሻሻጡት ደግሞ ከሞጣ የመጡ ጋሼ ፋንታ የሚባሉ ደላላ። ዋጋው በጋቢ ሥር በጣት ስለ ተነገረ ስንት እንዳወጣ አላየሁም። በርካሽ እንደ ሄደ ግን እርግጠኛ ነበርኩ፤ ምክንያቱም እናቴ በዚያ ሳምንት ከገበያ ምንም አዲስ ነገር ይዛ አልተመለሰችም።

የተሸጠው ቤት፣ ገዢውም አባቴ እንደ ነበር ዛሬ አውቃለሁ። ሆኖም ያን ጊዜ ያየሁትን ያየና የሰማሁትን የሰማ ልጅ ሁሉ እንደ እኔ ከማሰብ የሚያመልጥ አይመስለኝም።

ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። አባቴ አካለ ወልድ ከአባይ ማዶ፣ ከወረኢሉ፣ ተመድቦ የመጣ ድሬሰር፣ ከዶክተር በታች ያለ የሕክምና ረዳት፣ ነበር። የብቸና ሰው «ዶክተር» ይለዋል። እሱ በየቀኑ፣ ለየሰዉ፣ ሳይሰለች «ድሬሰር ነኝ» እያለ ያርማል። ሰዉም «እሺ ዶክተር» ይለዋል። እናቴ ይርጋነሽ የሞጣ ነጋዴ ልጅ ናት፤ አባቴ አንድ ነገር አስቦ እስኪናገር እሷ ሦስት ነገር ተናግራ፣ አንዱን ትታ፣ በሁለቱ ትጣላ ነበር።

የምንኖረው በወይዘሮ ንግስት ግቢ፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏን የተከራየናት ከአንድ በግ ጋር ነበር። ወይዘሮ ንግስት በጉን ለፋሲካ ያደልቡታል፤ ዝናብ ሲመጣ ወይም ጅብ ሲጮህ «ለጊዜው ነው» ብለው ወደ እኛ ያስገቡታል። ፋሲካ መጣ፣ ፋሲካ አለፈ፤ በጉ ለሚቀጥለው ፋሲካ ተላለፈ። ከአልጋችን እግር ሥር ሆኖ ሲያመሰኳ የሚሰማው ድምፅና የእርጥብ ጠጉሩ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። አንድ ጠዋት የአባቴን ነጭ ጋውን አንድ እጅጌ በልቶ አገኘነው።

አባቴ የተረፈውን እጅጌ ይዞ ቆመ። ከዚያ «ታጥቦ ነበር እኮ» አለ።

«በቃ!» አለች እናቴ። «የራሴ በር ያለው ቤት እፈልጋለሁ። ከውስጥ የምቀረቅረው።»

«በብቸና ማን ቤት ይሸጣል? ርስት ነው ሁሉም። ቤቱን የሸጠ ሰው እኮ እንደ ሞተ ነው የሚቆጥሩት።»

«ሞጣ ጋሼ ፋንታ አሉ።»

«በቅሎ ሻጩ?»

«በቅሎም ያሻሽጣሉ፣ ቤትም ያሻሽጣሉ። አንተ ደግሞ! ቁስልም ታጥባለህ፣ ጥርስም ትነቅል የለም?»

በአንድ የገበያ ቀን በእህል ጫኝ ትሬንታ ኳትሮ መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሞጣ ገባን። ጋሼ ፋንታን ያገኘናቸው በቅሎ ተራ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ከሰው ራስ በላይ የሆነ ነገር የሚያዩ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። የአንዲትን ዳማ በቅሎ ከንፈር በሁለት ጣት ፈልቅቀው ጥርሷን ለገዢው ያሳያሉ፤ ዳሌዋን በመዳፋቸው ጧ! ያደርጓታል፤ ዞር አድርገው ያስኬዷታል። «የማን ዘር መሰለችህ! እናቷን አውቃታለሁ» ይላሉ። ከዚያ ገዢውና ሻጩ እጃቸውን በአንድ ጋቢ ሥር አስገቡ። ጋቢው ውስጥ አይጥ የገባ ይመስል ጨርቁ ይንቀሳቀሳል፤ ሁለቱም ሰዎች ግን ዓይናቸውን ከበቅሎዋ ላይ አይነቅሉም።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልኳት እናቴን።

«ዋጋ እየተነጋገሩ። በአፍ ከተባለ ሌላው ይሰማል። በጣት ነው የሚጨርሱት።»

ይህን ትምህርት በደንብ ያዝኩት። ጥርስ ይታያል፣ ዘር ይጠየቃል፣ ዞር ይባላል፣ ከዚያ ጋቢ።

ጋሼ ፋንታ የእናቴን አባት ያውቁ ስለ ነበር ጉንጯን ሦስት ጊዜ ስመው አባቴን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ባልሽ ይሄ ነው? ደህና ነው። ትንሽ ቀጠን ይላል። እሺ፣ ምን ዓይነት ቤት?»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጤናማ። ሁለት መስኮት ያለው፣ አየር የሚያስገባ፣ መጸዳጃው ከውሃ ጉድጓዱ የራቀ።»

«ዶክተር፣ መኖሪያ ነው ወይስ ሐኪም ቤት?»

«ድሬሰር ነኝ።»

«እሺ ዶክተር። ከዚህ በፊት ቤት ገዝታችሁ ታውቃላችሁ?»

«አናውቅም» አለች እናቴ፣ ትንሽ አፍራ።

«እሰይ! አንድ ጊዜ የገዛ ሰው አያዳምጥም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ነው የምወደው፤ ተቀመጥ ሲሉት ይቀመጣል፣ ተነሥ ሲሉት ይነሣል።» ወደ እኔም ዝቅ ብለው «ይቺስ?» አሉ። እናቴ «ዓይነ አፋር ናት፤ ሰው ፊት ቃል አይወጣትም» አለች። እኔም ይህንኑ ለማስመስከር ቀሚሷ ውስጥ ገባሁ።

ጋሼ ፋንታ በሳምንቱ በበቅሏቸው ብቸና መጡና ቤት ማየት ተጀመረ። ቤትን የሚያዩት በቅሎ በሚያዩበት መንገድ ነው። መጀመሪያ ከኋላ ይዞሩታል። ምሰሶውን በመዳፋቸው ጧ ያደርጉታል፤ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ። የመጀመሪያውን ቤት ሲያዩ ባለቤቱ ፊት «ይቺ አንካሳ ናት» አሉ፤ እውነትም ቤቱ በግራ በኩል ዘንበል ብሎ ነበር።

ሁለተኛውን አባቴ በጣም ወደደው፤ ሦስት መስኮት አለው። ጋሼ ፋንታ ግን ወደ ውስጥ እንኳ ሳይገቡ ጎረቤት ካለው ጠላ ቤት ተቀምጠው እስከ ቀትር ድረስ ጠጡ። እናቴ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ በሩ ላይ ጠበቀቻቸው። ሲወጡ አፋቸውን ጠርገው «አይሆንም» አሉ።

«ሳያዩት?»

«ቤቱን ምን አደርገዋለሁ? ቤት አይዋሽም። የሁለት ወንድማማቾች ነው፤ ሁለቱም በየፊናቸው እየሸጡት ነው፣ አንዱ የሌላውን አያውቅም። ትናንት ታናሽየው ሳያውቅ ለታላቁ ሊሸጥለት ሰው ልኳል።»

«ታላቁስ ምን አለ?»

«ዋጋ ቀንስ አለው።»

ሦስተኛው የእመት ወለተ ገብርኤል ቤት ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሰፊ ግቢ፣ በሩ አጠገብ ያረጀ የኮክ ዛፍ። እመት ወለተ ገብርኤል ባል የሞተባቸው፣ ያልወለዱ፣ ጀርባቸው እንደ ዘንግ የቀና ሴት ናቸው። ውበቴ የሚባል የወንድም ልጅ አላቸው፤ እሑድ እሑድ ሊጠይቃቸው ይመጣና እጅ ነሥቶ ሲያበቃ ከበሩ እስከ ኮኩ እየተራመደ ግቢውን ይለካል። ጠጅ ቤት ሊከፍትበት ነው።

«ውበቴ ሲመጣ መጀመሪያ ጣሪያውን ያያል» አሉ እመት ወለተ ገብርኤል ለእናቴ፤ «ቀጥሎ እኔን። ሁለታችንም እንዳልወደቅን ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል።»

ስለዚህ ቤቱን ሸጠው፣ በቁማቸው ተዝካራቸውን አብልተው፣ ገዳም ሊገቡ ወስነዋል። ለልጅ የማይተርፍ ሀብት ለነፍስ ይሁን ብለው ነው። ችግሩ ግን ሌላ ነበር። ያን ቀን መሸት ሲል፣ ጋሼ ፋንታ በእኛ ክፍል በርጩማ ላይ ተቀምጠው ለወላጆቼ ሲያስረዱ እኔ ከበጉ ጎን ሆኜ አዳምጥ ነበር። ብዙው ነገር አልገባኝም። ርስት፣ ባዕድ፣ መንጠቅ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

«ዶክተርን ለእሜቴ እንስጣቸው» አሉ ጋሼ ፋንታ። «እኛ ዶክተርን እንሰጣለን፣ እሳቸው ቤቱን ይሰጣሉ።»

«እሳቸው ይፈልጉታል?» አለች እናቴ።

«ያዩታላ! ነገ ይዣችሁ እሄዳለሁ። ጸጉሩን ይቆረጥ።»

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ድሮው የመሬት ሥሪት ስንማር ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ርስት ለባዕድ ሲሸጥ ዘመድ የሆነ ሰው ገንዘቡን ለገዢው መልሶ ቤቱን መንጠቅ ይችላል። አባቴ በገዛ በማግስቱ ውበቴ ሊነጥቀን ነው። ጋሼ ፋንታ ያገኙት መላ አባቴ ባዕድ መሆኑን እንዲተው ነበር። በአገሩ ልማድ ትልቅ ሰውም ቢሆን በእማኝ ፊት ማር የተቀባ ጣት ጠብቶ፣ ቃል ገብቶ የጡት ልጅ ይሆናል። የጡት ልጅ ደግሞ ከወንድም ልጅ ይቀርባል። ያን ጊዜ ግን የማውቀው የበቅሎ ተራውን ብቻ ነበር።

በማግስቱ የሆነውም ይህንኑ አረጋገጠልኝ። እመት ወለተ ገብርኤል ከመደባቸው ላይ ሆነው አባቴን ፊታቸው አቆሙት።

«ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሠላሳ አራት፣ እሜቴ።»

«ጥርስህ ደህና ነው?»

«አዎ፣ በየቀኑ...»

«እስቲ ዙር።»

አባቴ ክራባቱን ይዞ ዞረ።

«የማን ልጅ ነህ?»

አባቴ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እየጠራ ወደ ላይ ወጣ። ከሰባቱ ትውልድ ሁለቱ ሲቀሩት ጠፋበትና ጣሪያውን አየ። ጋሼ ፋንታ «ዘሩን አውቃለሁ፣ እሜቴ፣ ኃላፊነቱ የእኔ ነው» አሉ፤ አያውቁም።

«ትጠጣለህ?»

«ለበዓል።»

«ቁጡ ነህ?»

አባቴ አሰበ። ሐቀኛ ሰው ነው። «ጋውኔ ሲበላ ብቻ» አለ።

ከዚያ ጋሼ ፋንታ ወደ መደቡ ተጠጉ፤ ጋቢያቸውን ዘረጉ፤ እመት ወለተ ገብርኤል እጃቸውን አስገቡ። ጨርቁ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሁለቱም ዓይናቸውን አባቴ ላይ ተክለዋል። አባቴም፣ ምን እንደሚደረግ ሳይገባው፣ ቀና ብሎ ደረቱን ነፋ። እኔ በዚያች ቅጽበት እናቴን ጠላኋት፤ ፈገግ ብላ ነበር።

ቤት ስንመለስ አባቴ ክራባቱን አልጋው ላይ ወረወረ።

«እኔ! የመንግሥት ሠራተኛ! ሰው ፊት ጣት ልጥባ?»

«ማር እኮ አለበት» አለች እናቴ፤ ከንፈሯን ነክሳ።

«ማሩ አይደለም ጉዳዩ! በሽተኞቼ ያዩኛል። እጃችሁን ሳትታጠቡ አፋችሁ ውስጥ አታስገቡ እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝ!»

«እንግዲህ ይታጠቡልሃላ። ወይስ ከዚህ ጋር መኖር ይሻልሃል?» ብላ በጉን አሳየችው። በጉ ያመሰኳል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሆነ። ቄሱ፣ ጎረቤቶች፣ ጥቂት ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። እመት ወለተ ገብርኤል እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፤ ይህ የአባቴ ብቸኛ ቅድመ ሁኔታ ነበር። አውራ ጣታቸውን ከማሩ ነከሩ። አባቴ ክራባቱን ወደ ኋላ ጥሎ ተንበረከከ።

«ጠበቅ አድርገህ፣ ዶክተር!» አሉ ጋሼ ፋንታ።

«ጥርስህን ያዝ!» አሉ እመት ወለተ ገብርኤል።

«አየን» አሉ እማኞቹ በአንድ ድምፅ።

ማሩ ከነሰፈፉ ስለ ነበር አባቴ አፉ ውስጥ ሰም ቀረ። ቄሱ ፊት መትፋት አልቻለም፤ መዋጥም ከጤና አንጻር አልፈለገም። ጉንጩን ነፍቶ ሲቆም እመት ወለተ ገብርኤል «ማን ነኝ እኔ?» አሉት።

«እሜቴ» አለ፣ በሰሙ ውስጥ።

ጋሼ ፋንታ ጎኑን በክርናቸው ጎሸም አደረጉት።

«እማዬ» አለ አባቴ፣ መምህር እንዳስደገመው ተማሪ።

ሰዎቹ እልል አሉ። እኔ ከኮኩ ዛፍ ጀርባ አለቀስኩ። በቅሎ ሲሸጥ እንኳ እልል አይባልም።

ከዚያ በኋላ አባቴ በየቀኑ ከክሊኒክ ሲወጣ መጀመሪያ እዚያ ይሄድ ጀመር። ጋሼ ፋንታ ናቸው ያዘዙት፤ መንደሩ ማየት አለበት ብለው። እመት ወለተ ገብርኤልም ሥራቸውን አላቃለሉም። አጥር ላይ ቆመው «ልጄ! አንገትህን ሸፍን፣ ብርዱን አታየውም?» ብለው ይጮኻሉ፤ መንገደኛ ሲያልፍ ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። እንጨት ያስፈልጡታል። አባቴ እንጨት መፍለጥ አያውቅም፤ መጥረቢያውን ሲያነሣ ዓይኑን ይጨፍናል። እሳቸው «ተው፣ ተው፣ እግርህን!» ብለው መጥረቢያውን ነጥቀው ራሳቸው ይፈልጣሉ። ጋሼ ፋንታ ከመንገድ ዳር ሆነው «ደግ፣ ደግ» ይላሉ።

አንድ ቀን የአባቴ ሻንጣ ቀድሞ ወደዚያ ቤት ሲሄድ አየሁ። የእኔና የእናቴ ዕቃ ቀርቷል። ሊወስዱት ነው አልኩ። ጋሼ ፋንታን በቅሏቸውን ሲለጉሙ ብቻቸውን አገኘኋቸውና ድፍረት ሰብስቤ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ የተሸጠ ይመለሳል?»

ጋሼ ፋንታ ልጅ ነች ብለው አልናቁኝም፤ የሙያ ጥያቄ ነው።

«ነውር ከተገኘበት ይመለሳል። ሻጭ የደበቀው ነውር በእማኝ ፊት ከታየ ገዢ ይመልሳል።»

«ነውር ምን ምን ነው?»

«ሚነክስ፣ ሚራገጥ፣ ሚደነብር፣ ሌት ሚያስቸግር።»

ማሰብ ጀመርኩ። አባቴ አይነክስም። ይደነብራል ግን።

ውበቴ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ዕቃችንን ጭነን ልንገባ በምንዘጋጅበት ሳምንት ለአጥቢያ ዳኛው ለግራዝማች ይርሳው ከሰሰ። ግራዝማች ይርሳው ወፍራም፣ ፀሐይ የማይወዱ ሰው ስለ ነበሩ ነገሩን ለማየት እመት ወለተ ገብርኤል ግቢ ድረስ መጥተው ከኮኩ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ግማሽ ብቸና ከበበ። ከዚያ ፍርድ በኋላ ወይ ቤት ይኖረናል፣ ወይ ወደ በጉ እንመለሳለን። እኔ ግን የበጉ ነገር አላስጨነቀኝም።

ውበቴ ካባውን አሳምሮ ቆመ።

«ጌታዬ! አክስቴ ለስድሳ ዓመት መሐን ነበሩ። ባለፈው ወር ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው፣ ክራባት ያሰረ፣ ከአባይ ማዶ የመጣ ልጅ ወለዱ። እግዚአብሔር የሚሳነው የለም፤ ግን እንዲህ ዓይነት ልጅ ሲሰጥ ቤት መግዣ ገንዘብ አስይዞ ይልካል?»

ሰዉ ሳቀ። ግራዝማችም በጭራቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ጋሼ ፋንታ ተነሡ። «እማኞች አሉ፣ ጌታዬ። ሲጠባ አይተዋል።»

«ጣት ሲጠባ አይታችኋል» አለ ውበቴ ወደ እማኞቹ ዞሮ። «ልጅ ሲሆን አይታችኋል? የዚህ ደላላ ሥራ ነው። ቤት ሊሸጥ ሰው አዋለደ!»

እማኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከሰው ራስ በላይ የሚያዩት የጋሼ ፋንታ ዓይኖች ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት ወረዱ። እናቴ ነጠላዋን ጠምዝዛ ጠምዝዛ ገመድ አደረገችው። አባቴ «ክቡር ዳኛ፣ በመሠረቱ...» ብሎ ጀመረና ከመሠረቱ ቀጥሎ ያለው ጠፋው።

ግራዝማች ይርሳው ዙሪያውን አዩ። «ይህ ሰው የእሜቴ ልጅ ስለ መሆኑ የሚናገር ሌላ ሰው አለ?»

እማኝ አለ። ዳኛ አለ። ገዢ አለች። ይህን ጊዜ ካሳለፍኩት አባቴ ሄደ ማለት ነው። ከእናቴ ቀሚስ ሥር ወጣሁ።

«ነውር አለበት!» አልኩ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ማን ላይ ነው፣ ልጄ?» አሉ ግራዝማች።

«አባቴ ላይ። ደብቀዋቸው ነው የሸጡላቸው። ያንኮራፋል።»

እናቴ «አምሳለች!» ብላ ስሜን ጠራች። አልሰማኋትም። ወደ እመት ወለተ ገብርኤል ዞሬ ነበር።

«አውቃለሁ» አሉ እመት ወለተ ገብርኤል፣ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ። «ከሰዓት መደቡ ላይ ተኝቶ ሰምቼዋለሁ። ትራሱ ዝቅ ብሎበት ነው። ከፍ አደረግሁለት፣ ተወው።»

«ውሻ ይፈራል። ይደነብራል።»

«ልጅ ሆኖ ነክሶት ነው። ጠይቄዋለሁ። ውሻዬን ለዚህ አይደለም ያሳሰርኩት?»

«እንጨት መፍለጥ አይችልም!»

«እሱስ እጁ ለመርፌ የተፈጠረ ነው። ማን እንጨት ፍለጥ አለው?» አሉ፤ ራሳቸው ነበሩ ያሉት።

«ሽንኩርት አይበላም። ተደብቆ ያወጣዋል።»

ይህን እመት ወለተ ገብርኤል አያውቁም ነበር። አባቴን ቀስ ብለው አዩት፤ አባቴም እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ደፋ።

«ሦስት ቀን ሙሉ የሠራሁልህን ወጥ እንዴት ነው የበላኸው?» አሉት።

«እየዋጥኩት» አለ አባቴ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቅር እንዳይልዎት ብዬ።»

«ሞኝ!» አሉ። ዓይናቸው እርጥብ ሆነ። «እናቱን ያፍራል? ሞኝ!»

ሁሉ ነገር እየተበላሸ መሆኑ ተሰማኝ። ነውሩ ሁሉ ወጥቶ አለቀ፣ እሳቸው ግን አልከፉም። እየጮኽኩ አለቀስኩ። «ይመልሱልን! አባቴን ይመልሱልን!»

እመት ወለተ ገብርኤል ብድግ አሉ። ዘንጋቸውን መሬት ላይ መቱ። «አልመልስም! ልጄ ነው፣ አልመልስም! የሚከሰኝ ይክሰሰኝ!»

ግራዝማች ይርሳው ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። ከዚያ ወደ ውበቴ ዞሩ።

«ሰማህ? ልጅቷ መልሱልኝ ነው የምትለው። የሚመለስ የተወሰደ ነገር ነው። የገዛ ልጁ አባቷ መወሰዱን ቆማ ከመሰከረች እኔ ሌላ ምን እማኝ እሻለሁ? እሜቴም ነውሩን ሁሉ ሰምተው እምቢ አሉ። ገዢ ቢሆኑ ኖሮ ከሽንኩርቱ ላይ ይመልሱት ነበር። እናት ናቸው። እናት ለልጇ ብትሸጥ የወንድም ልጅ ምን አገባው? ተነሡ፣ ፀሐይዋ ደረሰችብኝ።»

በሕግ ትምህርት ቤት ለሚማር አንድ ጓደኛዬ ይህን ፍርድ ነግሬው ነበር። በአምስት ቦታ ስሕተት መሆኑን አስረዳኝ። ሳልከራከር ሰማሁት። ከዚያች ቀን በፊትም ሆነ በኋላ ሰው ተሰብስቦ ባለበት እንዲያ ተናግሬ አላውቅም፤ ክፍል ውስጥ እንኳ መልሱን እያወቅሁ ሌላ ሰው እጁን እስኪያወጣ እጠብቅ ነበር።

ውበቴ ንዴቱ ከፀሐይዋ ጋር ቶሎ ዞረ። ወደ አባቴ መጥቶ ትከሻውን ሳመው። «እንግዲህ የአክስቴ ልጅ ነህ» አለ። «ሌላ ቦታ ጠጅ ቤት ልከፍት ነው። ዋስ ትሆነኛለህ። ዘመድ ካልሆነ ማን ይሆነኛል?»

በዚያው ቀን ገባን። እናቴ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው፤ ከፈተችው፤ ደግማ ቀረቀረችው። ከዚያ ዞር ስትል እመት ወለተ ገብርኤል መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዕቃቸው አልታሰረም። እናቴ ጋሼ ፋንታን ወደ ጥግ ጎተተቻቸው።

«ጋሼ፣ ገዳም የሚሄዱት መቼ ነው?»

ጋሼ ፋንታም አልጠየቁ ኖሮ ወደ መደቡ ተመለከቱ። «እሜቴ፣ ገዳሙስ?»

«የምን ገዳም?» አሉ እመት ወለተ ገብርኤል። «ልመንን የነበረው ልጅ ስለሌለኝ አይደል? ልጅ ያላት ሴት ምን ሆና ነው የምትመንነው? ጉድ እኮ ነው!»

እናቴ ጋሼ ፋንታን አየቻቸው። ጋሼ ፋንታ ጣሪያውን አዩ። ለእኔ ግን ነገሩ ቀለለኝ፤ አባቴ ባይመለስም እኛንም ጨምረው ገዝተውናል ማለት ነው።

እመት ወለተ ገብርኤል ተነሥተው እናቴን እጇን ይዘው ቤቱን ያሳዩአት ጀመር። «ይህ ግድግዳ ክረምት ላይ ያልበዋል፣ እህል አታስጠጊበት። ይህ ምሰሶ ምስጥ በልቶታል፤ ቀለም አስቀብቼው ነው። ጉድጓዱ የካቲት ላይ ይደርቃል። ጣሪያው እዚህ ጋ፣ እዚያ ጋና ከአልጋው በላይ ያፈሳል።»

«እሜቴ!» አሉ ጋሼ ፋንታ፣ ደንግጠው። «ስጠይቅዎ ምንም የለበትም አላሉኝም?»

«ያን ጊዜ ገዢ ነበሩ። ለገዢ ይነገራል እንዴ?» አሉ። «አሁን ልጆቼ ናቸው።»

ጋሼ ፋንታ ሌላ ነገር ሳይሰሙ በቅሏቸውን ፈትተው ወጡ። ወዲያው ደመናው ከበደና የቆርቆሮው ድምፅ ጀመረ። አባቴ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ መሰላል አቆመ። ሰዉ ሁሉ ወደየቤቱ ሮጧል፤ መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ የለም። እመት ወለተ ገብርኤል ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው ዝናቡ ውስጥ ወጡ፤ በሁለት እጃቸው መሰላሉን ያዙ።

«ቀስ ብለህ፣ ልጄ! ያዳልጣል!»

«እሺ እማዬ» አለ አባቴ ከላይ። በግቢው ውስጥ አንድም እማኝ አልነበረም።